የሚንፈሐው ቢላዋ፦ ጂብና እየሠሩ ፕሮቲን ሲቆረጥ ማየት

ከጣና የተነሣው ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው በደቡብ ዳሩ ቡሪን ይዞ ያልፋል። ለእንግዳ አንድ ሰፈር ይመስላል፤ ነዋሪው ግን ቡሪ መሐስ፣ ቡሪ ደራይሳ፣ ቡሪ ለማብ እያለ ይለየዋል። እዚያ በተከራየሁት ክፍል መጀመሪያ የተምታቱብኝ ሁለት ቃላት ጀበናና ጂብና ናቸው። ጀበና ያው የእኛው ጀበና ነው፤ ሱዳኖች ዕቃውንም ቡናውንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ጂብና ግን አይብ ነው። የእኛ ዓይነት የተፈረፈረ አይብ አይደለም፤ ነጭ፣ ጨው የበዛበት፣ በቢላዋ ሲቆርጡት ቅርጹን የሚይዝ፣ ጠዋት ጠዋት ከሰሊጥ ዘይት ጋር ፉል ላይ የሚፈረፈር ነው።

አከራዬን ሐጃ እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ያ ብቲ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሐጃ ጂብና ሲሠሩ ቆሜ ባየሁ ቀን፣ በተማሪነቴ ከደብተር ላይ ያነበብኩትን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም፣ ማለትም ፕሮቲዬዝን፣ ድስት ውስጥ ሲሠራ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ፕሮቲዬዝ ለጠየቀኝ ሁሉ መጀመሪያ ወተት እንዲገዛ ነው የምነግረው። የነገሩ ፍሬ እዚያ ውስጥ አለ፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚቆርጥ ቢላዋ ጂብና ይሰጣል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚቆርጥ ቢላዋ ምሬት ይሰጣል። ሰውነታችንም ዕድሜ ልኩን የሚደክመው ቢላዋውን ልክ ለማስያዝ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይ። የእኛ አይብ ያለ ቢላዋ የሚሠራ ነው። ቅቤው የወጣለት አሬራ በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ፣ እርሾው ያመጣው አሲድና ሙቀቱ ተባብረው ፕሮቲኑን ያረጉታል፤ አጓቱም ይለያል። የተቆረጠ የፕሮቲን ሰንሰለት የለም፤ ፕሮቲኑ ተሰባስቦ ብቻ ነው የረጋው። ለዚህ ነው አይብ የሚፈረፈረው። ጂብና የሚለጠጠውና የሚቆረጠው ሌላ ነገር ስለተደረገበት ነው።

መጀመሪያ፦ ዕቃውን ይሰብስቡ

ስድስት ሊትር ጥሬ የላም ወተት፣ ሦስት መቶ ግራም ያህል ጨው (በኋላ ለአጓቱ የሚጨመረው ሳይቆጠር)፣ ትልቅ ድስት፣ ቴርሞሜትር፣ ንጹሕ ሻሽ፣ ክብደት የሚሆን ድንጋይ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ስድስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ ሰዓት፣ ደብተር። አንድ ሎሚና አንድ ጥሬ አረንጓዴ ፓፓያም ያስፈልጋል። በካርቶን የሚሸጠው ለወራት የሚቆይ ወተት ለዚህ አይሆንም፤ ምክንያቱን ወተቱን ስናሞቅ እናገኘዋለን።

ዋናው ነገር ሱዳኖች ሚንፈሐ የሚሉት ሬኔት ነው። ጥንት ከሚጠባ ጥጃ አራተኛ ሆድ ይወጣ ነበር፤ አሁን በክኒን ወይም በዱቄት ይሸጣል። በውስጡ ያለው ኢንዛይም ካይሞሲን ይባላል። የጥጃውን ካይሞሲን ጂን ወደ ረቂቅ ተሕዋስ አስገብቶ ማምረት ከተቻለ በኋላ፣ በ1990 (ዓመታቱን ሌላ ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምርቱን ፈቀደ። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ሬኔት ብዙው እንዲህ የተመረተ ነው።

ሁለተኛ፦ ወተቱን ያሙቁ፣ ግን አያፍሉ

ወተቱን 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርሰው እያማሰሉ ሠላሳ ደቂቃ ያቆዩት። ይህን አይዝለሉት። በጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስም የከብት ሳንባ ነቀርሳም ይተላለፋል፤ በካርቱምም በባሕር ዳርም ያው ነው።

እንዲፈላ ግን አይፍቀዱ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ለጥንቃቄ ብዬ አፈላሁት፤ ከዚያም በደንብ ሳላቀዘቅዝ ሚንፈሐውን ጨመርኩ። አምስት ሊትር ወተት እስከ ማታ ወተት እንደሆነ ቀረ። ሐጃ ድስቱን በእጃቸው ጀርባ ነክተው ዝም አሉ፤ በማግስቱ አጠገባቸው አቁመው እንደገና አሳዩኝ። በዚያ ቀን ሁለት ስሕተት ነበር የሠራሁት። አንደኛው፣ ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ቅርጹን ያፈርሰዋል፤ ቅርጹ የፈረሰ ቢላዋ ደግሞ አይቆርጥም። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ወተት ሲፈላ አጓት ውስጥ የሚገኘው ቤታ-ላክቶግሎቡሊን የተባለ ፕሮቲን ተፈትቶ ካፓ-ኬዚን በተባለው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። ሚንፈሐ የሚቆርጠው ደግሞ ይህንኑ ካፓ-ኬዚንን ነው። የካርቶኑ ወተት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ወተቱ ሠላሳ ደቂቃውን ሲጨርስ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ወደ 35 ዲግሪ ያውርዱት። በካርቱም የሚያዝያ ቀትር ከዚህ በታች ማውረድ ራሱ ይከብዳል። አንድ ሊትሩን ጨው ሳይነካው ለብቻ ያስቀምጡ፤ ለብርጭቆዎቹ ነው።

ሦስተኛ፦ ሚንፈሐውን ይበጥብጡ

የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ኃይሉ ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዱ ክኒን ለ50 ሊትር የሚል ከሆነ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟ፤ ከዚያ 10 ሚሊ ሊትሩ ለ5 ሊትር ይበቃል። ውሃው መፍላት ያለበት ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ኢንዛይሙን ይጎዳዋል።

አራተኛ፦ ስድስቱ ብርጭቆዎች

እኔ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጂብና ብቻ የፈለገ ሊዘለው ይችላል፤ ፕሮቲዬዝን ማወቅ የፈለገ ግን እዚህ ጊዜ ይስጥ።

በእያንዳንዱ ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ጨው የሌለው ወተት ይቅዱ። ሙቀታቸው እኩል እንዲሆን ስድስቱንም 35 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ያቁሟቸው። ከዚያ፦

በአንደኛው 1 ሚሊ ሊትር ሚንፈሐ። በሁለተኛው ግማሽ ሚሊ ሚንፈሐና ግማሽ ሚሊ ውሃ። በሦስተኛው አስቀድሞ ለአምስት ደቂቃ የፈላ ሚንፈሐ 1 ሚሊ፣ ቀዝቅዞ። በአራተኛው ውሃ ብቻ። በአምስተኛው የሎሚ ጭማቂ፣ እስኪቋጥር ድረስ። በስድስተኛው የፓፓያ ወተት። ለዚህኛው ጓንት አድርገው የጥሬውን ፓፓያ ልጣጭ በቢላዋ ጫፍ ይጫሩ፤ ነጭ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ቆዳን ያሳክካል፤ ዓይን እንዳይነካ። ይህን ብርጭቆ ማንም አይቅመሰው።

በየደቂቃው ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ስስ ወተት ይመልከቱ። መርጋት ሲጀምር ጥቃቅን ነጭ ቅንጣቶች ይታያሉ። ያን ቅጽበት በደብተር ይመዝግቡ።

ሎሚው ወዲያው ይቋጥራል፤ እሱ የእኛን አይብ መንገድ የተከተለ ነው። የፈላው ሚንፈሐና ውሃው ምንም አያደርጉም። እነዚህን ሁለቱን ተማሪዎች «ምንም ያልሆነባቸው» ብለው ይንቋቸዋል፤ ምርምር የሚቆመው ግን በእነሱ ላይ ነው። ወተቱን ያረጋው ኢንዛይሙ እንጂ ክኒኑ ውስጥ ያለ ጨው ወይም ጊዜው ራሱ እንዳልሆነ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ የቀሩት አራቱ ብርጭቆዎች ወሬ ናቸው።

አንደኛውንና ሁለተኛውን ያነጻጽሩ። ኢንዛይሙ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። አይብ ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ የሚንፈሐ ኃይል ሲለኩ የኖሩት በዚህ ነው፤ መለኪያቸው 1 ሚሊ በ35 ዲግሪ፣ በ40 ደቂቃ ስንት ሚሊ ወተት ያረጋል የሚል ነው። አንደኛው ብርጭቆ በ8 ደቂቃ ረጋ እንበል፤ 40 ለ8 ሲካፈል 5፣ በ100 ሲባዛ 500። ስለዚህ የበጠበጡት ሚንፈሐ 1 ሚሊው በ40 ደቂቃ ግማሽ ሊትር ያረጋል። በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የኢንዛይም ኃይል ለኩ ማለት ነው።

አሁን ፓፓያውን ይመልከቱ። እሱም ያረጋል። ግን አያንሡት፤ እስከ ማታ ይተዉት። የሚንፈሐው እንደ ጠጠረ ሲቆይ፣ የፓፓያው እየላላ ወደ ቀጭን ፈሳሽ ይመለሳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የወተት ፕሮቲን በብዛት ኬዚን ነው፤ ዓይን ሊያየው በማይችል ጥቃቅን ኳስ ተጠቅልሎ ወተቱ ውስጥ ይንሳፈፋል። ካፓ-ኬዚን የኳሱ ጎፈሬ ነው። ኳሶቹ ሲቀራረቡ ጎፈሬያቸው ይገፋፋል፤ ስለዚህ አይጣበቁም፣ ወተትም ወተት ሆኖ ይኖራል። ካፓ-ኬዚን 169 አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት የተያያዙበት ነው። ካይሞሲን ይህን ሰንሰለት በ105ኛውና በ106ኛው መካከል ይቆርጠዋል፤ ጎፈሬው ተላጭቶ አጓቱ ውስጥ ይቀራል። ራሳቸው የተላጨ ኳሶች ወተቱ ውስጥ ባለው ካልሲየም አማካይነት ይያያዛሉ። አብዛኛው ጎፈሬ እስኪላጭ ድረስ ምንም አይታይም፤ ከዚያ በድንገት ይረጋል። ብርጭቆውን ስትጠብቁ ረጅም ጊዜ ምንም የማይሆነውም ለዚህ ነው።

በፓፓያው ውስጥ ያለው ፓፓይን ግን ጎፈሬውን ላጭቶ አያቆምም። ኳሱንም ይከታትፈዋል። ጠንካራ ሥጋ በጥሬ ፓፓያ ሲታሽ የሚለሰልሰው በዚሁ ኃይል ነው፤ ለሥጋ መልካም፣ ለጂብና ጥፋት።

በሁለቱ መካከል የምትገኝ የሱዳን ተክል አለች። አርብቶ አደሮች ጁበይን ይሏታል፤ ስሟ ከጂብና ጋር አንድ ሥር አለው። የእኛ እምቧይ ዘመድ ናት፤ ፍሬዋን ወተት ለማርጋት ይጠቀሙበታል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲና የጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዘሯ ያወጡትን ፕሮቲዬዝ በ2009 ዱቢዩሚን ብለው አስተዋውቀዋል። የእረኛው ዕውቀት ሰው በሚያነበው የሳይንስ መጽሔት ላይ በሱዳናውያን እጅ መጻፉ ያኮራኛል፤ ቡሪ ብቆይ ኖሮ የምመኘው ሥራ ይህ ነበር። እርስዎ ግን ፍሬውን ለይተው ከሚያውቁት ሰዎች ሳይማሩ አይልቀሙት፤ የእምቧይ ወገን መርዘኛም አለበት።

አምስተኛ፦ ትልቁን ድስት ያርጉ

በ5 ሊትሩ ውስጥ ጨዉን አሟሙተው በሻሽ ያጥልሉት፤ 10 ሚሊ ሚንፈሐውን እያማሰሉ ለአንድ ደቂቃ ይቀላቅሉ፤ ከዚያ እጅዎን ያንሡ። ከዚህ በኋላ አይነካም፣ አይነቀነቅም።

ጨው ከሚንፈሐ በፊት መግባቱ የሱዳን ጂብና ልማድ ነው። ብዙ ሠሪዎች ከወተቱ ክብደት 8 በመቶና ከዚያም በላይ ይጨምራሉ፤ እኔ ለጀማሪ 6 በመቶ ነው የመረጥኩት። ጨዉ መርጋቱን ያዘገየዋል፤ ብርጭቆው ውስጥ በደቂቃ የሚታየው እዚህ ሦስትና አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ መብራት በሚጠፋበት፣ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ወተትን ለወራት ማቆየት የተቻለው በዚህ ጨው ነው። ከነጭ ዓባይ ዳር ያለችው የደዊም ከተማ በጂብናዋ የታወቀችውም በዚሁ ዘዴ ነው።

እስኪረጋ ሲጠብቁ፣ በራስዎ ሰውነት ውስጥ በዚያው ሰዓት የሚሆነውን ያስቡ። ሰውነታችን ፕሮቲን ሠርቶ እንደ ግንብ አቁሞ አይተወውም፤ ሁልጊዜ ያፈርሰዋል፣ እንደገና ይገነባዋል። ሩዶልፍ ሾንሃይመር በ1930ዎቹ መጨረሻ ምልክት የተደረገበት ናይትሮጅን ያለው ምግብ ለአይጦች አብልቶ፣ ናይትሮጅኑ የሰውነታቸው ፕሮቲን ውስጥ ሲገባ አሳየ። ታዲያ ማን ነው አፍራሹ? ክሪስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ሊሶሶም ብሎ የሰየማት የሴል ከረጢት አንዷ ናት፤ በውስጧ አሲድና ብዙ ቆራጭ ኢንዛይሞች ታሽገው ይኖራሉ። ሌላው ፕሮቲያሶም ነው። እንደ በርሜል ውስጡ ክፍት ነው፤ ስለቶቹ በሙሉ ወደ ውስጥ ዞረዋል፣ በውጭ የሚያልፈውን ፕሮቲን አይነኩም። እዚያ የሚገባው በአብዛኛው ኡቢኪዊቲን የተባለ፣ 76 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን በሰንሰለት የተለጠፈበት ነው። ሴሉ «ይህ ይፍረስ» ሲል የሚያትመው ማኅተም ነው። ይህን የገለጡት አሮን ቼሃኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የጥጃው ካይሞሲንም ያለ ሰገባ አይሠራም። ሲመረት ፕሮካይሞሲን ሆኖ ነው፤ የሆድ አሲድ ሲያገኘው ነው ስለቱ የሚገለጠው። የሠራውን የሆድ ግድግዳ እንዳይቆርጥ ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ።

ለእኛ አገር ሰው የሚቀርብ ሌላም ዘመድ አለው። ካይሞሲን አስፓርቲክ ፕሮቲዬዝ ከሚባለው ወገን ነው፤ የኤችአይቪ ቫይረስ ፕሮቲዬዝም የዚሁ ወገን ነው። ቫይረሱ ዋና ዋና ፕሮቲኖቹን የሚሠራው በረጃጅም ሰንሰለቶች አያይዞ ነው፤ ይህ ቢላዋ ካልቆረጠለት የሚወጣው ቫይረስ አይበስልም፣ አያጠቃም። በቢላዋው መንጋጋ ውስጥ ገብተው የሚዘጉት መድኃኒቶች ከ1995 ጀምሮ ገበያ ላይ ዋሉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መድኃኒት ላልሠራላቸው ታካሚዎች የሚሰጡት አታዛናቪርና ሎፒናቪር ከዚህ ወገን ናቸው። ብዙ ሰው በየቀኑ የሚውጠው ክኒን ከጂብና ድስት ጋር እንዲህ ይቀራረባል፤ ይህን ለሐጃ ስነግራቸው ማንኪያውን አስቀምጠው ነበር ያዳመጡኝ።

ስድስተኛ፦ ይቁረጡ፣ ያጥልሉ፣ ይጫኑ

ቢላዋ አስገብተው ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት የረጋው ጥርት ብሎ ከተሰነጠቀና ስንጥቁ ውስጥ ጠራ ያለ አጓት ከታየ ደርሷል። ወተት የሚመስል ፈሳሽ ከሞላው ገና ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቁ። ሲደርስ በየአቅጣጫው ቆራርጠው፣ በሻሽ በተነጠፈ ወንፊት ላይ አፍስሰው ያጥልሉት። አጓቱን አይድፉት። ሻሹን ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነውበት ሌሊቱን ያሳድሩት።

ጠዋት እንደ ሳሙና ባለ መጠን ይቁረጡት። አጓቱን አፍልተው፣ በሊትር 100 ግራም ያህል እስኪሆን ጨው ጨምረው፣ ካቀዘቀዙ በኋላ ጂብናውን በተቀቀለ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያስጥሙት። ክዳኑ ካበጠ ወይም ሽታው ከተለወጠ ሳይቀምሱ ይድፉት።

ሰባተኛ፦ ቢላዋው ገና አልተኛም

ከሚንፈሐው የተወሰነው ጂብናው ውስጥ ይቀራል። በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ሌላ ፕሮቲን፣ አልፋ-ኬዚንን፣ መቁረጥ ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ጎማ የሚንጫጫው ጂብና የሚለሰልሰው፣ ጣዕምም የሚያወጣው ለዚህ ነው። ጨውና ቅዝቃዜ ሥራውን ያዘገዩታል፤ ሚንፈሐ ከልክ በላይ ከገባ ደግሞ ምሬት ይመጣል። የተቆረጡት አጫጭር ቁርጥራጮች አንዳንዶቹ ምላስ ላይ መራራ ናቸውና። ስለዚህ እንዲቸኩል ብላችሁ ሚንፈሐ አትደርቡ።

በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ አውጥተው ይቅመሱ፤ ቀኑን፣ ጥንካሬውን፣ ጨዉን፣ ምሬት ካለ ምሬቱን ይጻፉ። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲፈነዳ፣ ከቡሪ ይዤ ከወጣኋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ደብተር ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ የሐጃ ማሰሮ ገና በሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ነበር፤ «ለስላሳ፣ ምሬት የለውም» ይላል ጽሑፌ።

ሐጃ ማሰሮ ለገበታ የሚከፍቱት በአርባኛው ቀን ነበር። ጨዉ ከበዛብዎ የሚበሉትን ያህል ብቻ አውጥተው ሌሊቱን በንጹሕ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ደፍተው፣ ትኩስ ፉል ላይ ፈርፍረው፣ የሰሊጥ ዘይት ያፍስሱበት።